ቀጠሮውን የሚያከብር ጸሐፊ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።  

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ ከወትሮው ትንሽ ለየት ይላል። ስለ ብዕር ነው የምንነጋገረው። ከወጣት አድማጮቻችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል «መጽሐፍ ጽፌያለሁ፤ የት ላሳትመው? ስንት ብርስ ይፈጃል?» የሚሉ በርከት ብለዋል። ወጣቶቻችን ለመጻፍ መነሣሣታቸው የሚያስደስት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን «የት ላሳትመው?» ከሚለው በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ብለን እናምናለን። ጥያቄው «ማን እየጠበቀኝ ነው?» የሚለው ነው።

ይህን እንድንል ያደረገንን አንድ ታሪክ እናጫውታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምናውቀው አንድ ወጣት ወንድማችን ረዥም ልብ ወለድ ጽፎ ጨረሰ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ለሦስት ዓመት የለፋበት ነው። አሳታሚ ሲያጣ እናቱ ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን የወርቅ አምባር ሸጡለት። 3,000 ቅጂ ታተመ። የምረቃ ዝግጅት ተደረገ፤ ጓደኞቹ መጡ፤ ፎቶ ተነሡ፤ 70 የሚሆን መጽሐፍ ተሸጠ። መጻሕፍት ቤቶች ደግሞ «ሲሸጥ እንከፍልሃለን» ብለው አምስት አምስት ቅጂ ተቀበሉት። የተረፈው በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ገባ።

እናቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ግን ቤት በጠረጉ ቁጥር ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ጎትተው ያወጣሉ፤ ሥሩን ጠርገው መልሰው ያስገባሉ። ልጁ ይህን ባየ ቁጥር ከወቀሳ የከበደ ነገር ይሰማው እንደነበር ነግሮናል።

መጽሐፉን አንብበነዋል፤ መጥፎ አይደለም። ታዲያ ምን ጎደለው? የጎደለው የሚያውቀው ሰው ነው። ማናችንም ብንሆን ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀውን እንግዳ በአንድ ጊዜ ጓዳችን ድረስ አናስገባም። መጀመሪያ በር ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ቀጥሎ ቡና እንጠራዋለን፤ እያደር ቤተኛ ይሆናል። ጸሐፊና አንባቢም እንዲሁ ናቸው። አዲስ ጸሐፊ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ተሸክሞ የማያውቀውን ሰው በር ሲያንኳኳ ደጅ ቢቀር አይደንቅም። በየሳምንቱ አንዲት ገጽ ይዞ በቀጠሮው ቀን የሚመጣ ጸሐፊ ግን ሳይታወቀው ቤተኛ ይሆናል።

የሐሙስ ቀጠሮ

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ትንሽም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኗን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካስተላለፉት ሐዲስ ሁላችንም ተምረናል። ታላቁ ሶሐባ ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ሰዎችን የሚመክሩት በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢመክሩን በወደድን ሲላቸው፣ እንዳያሰለቿቸው እንደሚፈሩ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለእነርሱ ይህንኑ ስጋት ይሰጉ እንደነበር እንደነገሩት በቡኻሪ ተዘግቧል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ቀኑ የታወቀ ነው፤ መጠኑም የተለካ ነው። አድማጩ ሐሙስን ይናፍቃል እንጂ አይሰለቸውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዑለማዎች ይህንኑ ፈለግ ተከትለው «ኢምላእ» የሚባለውን ሥርዓት አደላደሉ። ሸይኹ በተወሰነ ቀን መስጂድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ቃል በቃል ይናገራሉ፤ ተማሪው ይጽፋል። ሕዝቡ ሲበዛ ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያስተላልፍ ሰው ይቆማል። በ330 ዓመተ ሂጅራ ከባግዳድ ወደ አንደሉስ የገቡት የቋንቋ ሊቅ አቡ ዐሊ አልቃሊ «አል-አማሊ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በዚህ መልክ ነው፤ በኮርዶባና በአዝ-ዘህራእ መስጂድ ሐሙስ ሐሙስ እየተናገሩ አስጻፉት። እንግዳ አገር ለገባ ሰው ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። መጽሐፉ ተጠናቅቆ ሲወጣ አድማጩ አብሮት አድጎ ነበር።

25 ዓመት የፈጀው መጽሐፍ

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ረሒመሁላህ) ታሪክ ነው። የሶሒሕ አል-ቡኻሪ ማብራሪያ የሆነውን «ፈትሑል ባሪ»ን የማያውቅ የዲን ተማሪ የለም። ብዙዎቻችን ይህን የሚያህል ሥራ ሸይኹ በር ዘግተው ጽፈው በአንድ ቀን ለሕዝብ ያወጡት ይመስለን ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ካይሮ ላይ በ817 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1414) በኢምላእ ጀመሩት። ቆየት ብለው ደግሞ በገዛ እጃቸው ጥቂት ጥቂት እየጻፉ ለተማሪዎቻቸው መስጠት ቀጠሉ። ተማሪዎቹ የደረሳቸውን ክፍል ይገለብጣሉ፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን ተሰብስበው ያነብቡታል፤ ከዋናው ጋር ያመሳክሩታል፤ ይወያዩበታል፤ ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል። እንዲህ እየተባለ በ842 ዓ.ሂ. በረጀብ ወር (እ.ኤ.አ. 1438) ተጠናቀቀ። 25 ዓመት መሆኑ ነው!

አሁን ልብ በሉ። መጽሐፉ ገና ሳይጠናቀቅ ዝናው ከግብጽ ወጥቶ ሩቅ አገር ደርሶ ነበር። በ833 ዓ.ሂ. የቲሙር ልጅ ሻህ ሩኽ ለግብጹ ሱልጣን ባርስባይ መልእክት ልኮ መጻሕፍት ሲጠይቅ አንዱ የጠየቀው ይህንኑ ማብራሪያ ነበር። በዚያን ጊዜ ያለቁት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሦስት ጥራዝ ሆነው ተላኩለት። ሥራው ሲያልቅ ካይሮ አጠገብ ለተደረገው የደስታ ግብዣ 500 ዲናር ያህል ወጪ እንደተደረገ ተማሪያቸው አስ-ሰኻዊ መዝግበዋል። ወንድማችን ያደረገው የምረቃ ዝግጅትና ይህ ግብዣ በአንድ ነገር ይለያያሉ። ያኛው አንባቢ ፍለጋ የተጠራ ነበር፤ ይህኛው 25 ዓመት ሲያነብቡ የኖሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ኢብን ሐጀር ያኔ ስመ ጥር ዓሊም ነበሩ። «እኛን ማን ያውቀናል?» የሚል ወጣት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማንም የማያውቃቸው ጀማሪዎች የሄዱበትን መንገድ ደግሞ እንይ።

የአንድ ሽልንግ ደብተር

እ.ኤ.አ. በ1836 ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዲከንስ የተባለ የ24 ዓመት የጋዜጣ ሪፖርተር የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጀመረ። በዚያ ዘመን አዲስ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ጥራዝ ይታተም ነበር፤ ዋጋው ከ31 ሽልንግ በላይ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ የማይቀመስ ነበር። የዲከንስ «ፒክዊክ ፔፐርስ» ግን በየወሩ በቀጭን ደብተር፣ በአንድ ሽልንግ መሸጥ ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽያጩ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሥዕሎቹን የሚሥለው ሰውም ገና በጅምሩ ሞተ። ሌላ ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ዲከንስ ግን በአራተኛው ደብተር ሳም ዌለር የሚባል ቀልደኛ አሽከር አስገባ። አንባቢው ወደደው። ጸሐፊውም መወደዱን አይቶ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1837 የመጨረሻው ክፍል ሲወጣ የአንድ ወር ሽያጭ ወደ 40,000 ደርሶ ነበር። መጽሐፉን ሙሉውን ጽፎ ጨርሶ ቢያሳትመው ኖሮ አንባቢ ምን እንደወደደ የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነበር።

ታላቁ ረቂቅና ትንሿ መጽሔት

አሁን ወደ ካይሮ እንመለስ። ነጂብ ማሕፉዝ በአንዳንድ ሥራዎቹ ላይ ከዑለማዎች ብርቱ ወቀሳ የተነሣበት ደራሲ መሆኑን እናውቃለን፤ እዚህ የምናነሣው አንባቢ ያገኘበትን መንገድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደው ይህ ሰው እስከ 1971 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቀን ቢሮ ይውላል፤ ከቢሮ መልስ በተወሰነ ሰዓት ይጽፋል። በወጣትነቱ በ1930ዎቹ ስሙን ያስተዋወቀው በመጽሔቶች ላይ ባወጣቸው በርካታ ጽሑፎችና አጫጭር ልብ ወለዶች ነው።

በኋላ ስለ አንድ የካይሮ ነጋዴ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ የሚተርክ ግዙፍ ሥራ ጽፎ ለአሳታሚው ቢወስድ፣ ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ይታተማል ተብሎ ተመለሰለት። የዓመታት ልፋቱ መና የቀረ መሰለው። እ.ኤ.አ. በ1954 ግን «አር-ሪሳላ አል-ጀዲዳ» የተባለች ወርሃዊ መጽሔት የመጀመሪያውን ክፍል በየወሩ ማውጣት ጀመረች፤ ሁለት ዓመት ያህል ዘለቀች። አንባቢው የቤተሰቡን ነገር እንደ ጎረቤት ወሬ በየወሩ ይጠብቅ ጀመር። ከዚያ በኋላ በ1956 እና በ1957 ሦስቱም ክፍሎች በመጽሐፍ ታተሙ። አንድ ላይ ሲሆን የማይሸከሙት የነበረ ሸክም በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ቀላል ሆነ።

ሦስተኛ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1909 ደማስቆ የተወለዱት ሸይኽ ዐሊ አጥ-ጦንጧዊ (ረሒመሁላህ) እንደ እኛ የሬዲዮ ሰው ነበሩ። በሳዑዲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያቀርቧቸው በነበሩ ቋሚ ዝግጅቶች በብዙ ቤት ይታወቁ ነበር፤ በረመዳን የኢፍጣር ማዕድ ላይ ድምፃቸውን ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነበር። ዕድሜያቸው 70ን ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ትዝታቸውን በተከታታይ መጻፍ ጀመሩ። ያ ተሰብስቦ ስምንት ጥራዝ መጽሐፍ ሆነ። በ70 ዓመት ስምንት ጥራዝ ልጻፍ ብሎ የሚነሣ ማን አለ? ለሚመጣው እትም አንድ ጽሑፍ ማድረስ ግን ይቻላል።

በአገራችንስ?

በአገራችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በተከታታይ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ ሰዓቱን ጠብቀው ሬዲዮ ይከብቡ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላም እንደ «ቢላል» ያሉ ኢስላማዊ መጽሔቶች ለብዙ ሙስሊም ጸሐፍት የመጀመሪያ መድረክ ሆነዋል። አንባቢ መጽሔት ሲገዛ ቀጥታ ወደሚወደው ዓምድ ይገልጣል። ያ ዓምድ ለሁለት ወር ከጠፋ «ጸሐፊው ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ለጸሐፊ ከምረቃ ዝግጅት ይበልጥበታል።

ታዲያ ይህ መንገድ ለምን ይሠራል? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በቀኑ የሚመጣ ሰው ይታመናል። ሁለተኛ፣ አንባቢ ይመልሳል። «እዚህ ላይ አልገባኝም፤ ያቺን ሴትዮ ለምን ተውካት?» ይላል፤ ጸሐፊው በሚቀጥለው ሳምንት ያስተካክላል። ሦስተኛ፣ እጅ ይፈታል። በዓመት አንዴ የሚጽፍ ሰው በዓመት አንዴ ነው የሚማረው፤ በየሳምንቱ የሚጽፍ ግን 52 ጊዜ ይማራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ አባቶቻችን! ደግሞም ያልተወደደች አንዲት ገጽ የምታከስረው የአንድ ማታ ድካም ነው። የእናት አምባር አታሸጥም።

ለጀማሪዎች የምንመክረው

ውድ ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፣ መጀመሪያ ቀን ምረጡና አትቀይሩት። ሐሙስ ካላችሁ ሐሙስ ይሁን። በየሳምንቱ የማይቻል ከሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወይም በየወሩ ይሁን። ዋናው የያዛችሁትን አለመልቀቅ ነው። ቀጠሮ ሳትሰጡ በፊት ግን ያለቀላቸው ሦስት ጽሑፎች በእጃችሁ ይኑሩ። ሕመም አለ፣ ፈተና አለ፣ ለቅሶ አለ፤ ያን ጊዜ ከተቀመጠው ታወጣላችሁ። ዲከንስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1837 የሚስቱ እኅት በድንገት ስትሞት የአንድ ወር ክፍል ማውጣት አቅቶት ነበር። ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን ምክንያቱን ተናግሮ መመለስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ከምታውቁት ጀምሩ። የሰፈራችሁን ገበያ፣ አያታችሁ ያጫወቷችሁን የስደት ታሪክ፣ መርካቶ በሱቅ ውስጥ የምታዩትን፣ ጂዳ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እኅታችሁ የነገረቻችሁን ጻፉ። ስም የሚያጎድፍና ሐሜት የሆነውን ግን ተዉ።

ሦስተኛ፣ መድረኩን አትናቁ። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የመድረሳው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመጽሔት የአንባቢያን ዓምድ፣ ለሬዲዮ የሚላክ ደብዳቤ፣ በስልክ ለ20 ወዳጆች የምትላክ ገጽ ሁሉም በር ናቸው። 20 ሰው ጠብቆ ካነበበ ትልቅ ጅምር ነው። የጻፋችሁትን ሁሉ ቀኑን መዝግባችሁ በአንድ ክላሴር አስቀምጡ። በሦስት ዓመት 156 ገጽ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ አንባቢ የወደደውን ስትለዩ መጽሐፋችሁ እዚያው ነው፤ የሚገዛውንም ሰው ታውቁታላችሁ።

አራተኛ፣ ኒያችሁን በየጊዜው መርምሩ። ጭብጨባ ለምዶ ለጭብጨባ ብቻ መጻፍ የብዕር ሰው ፈተና ነው። የሸሪዓ ጉዳይ ስትነኩ ለሚያውቅ ዓሊም ሳታሳዩ አታውጡ። ቀኑ ደረሰ ብሎ ያልተጣራ ነገር ማውጣት ቀጠሮ ማክበር አይባልም። እንዲህ ላለው ቀን ነው ሦስቱ የተቀመጡት ጽሑፎች።

እናንተ ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ የጻፈውን ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ያንብብላችሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። የሰለቻችሁ ቦታ ካለ በፍቅር ንገሩት፤ «ማሻአላህ ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አታሰናብቱት። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን ከጓዳ ሥራ ተርፎ በሳምንት ሁለት ሰዓት የራሳቸው ጊዜ ይኑራቸው። ወንድምየው አንድ ቀን ዕቃ ቢያጥብ ምንም አይጎድልበትም። ለልጃችሁ ማሳተሚያ ወርቅ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ጆሮና ይህን ጊዜ ስጡ።

ወደ መጀመሪያው ወንድማችን እንመለስና ንግግራችንን እናብቃ። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ዓመት ካስቆጠሩ በኋላ በሰፈሩ መድረሳ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ አንዲት ገጽ መለጠፍ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ያነበበው ጥበቃው ብቻ ነበር። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ታሪክ ተከራከሩ። እየቆየ ጽሑፉ የተለጠፈበትን ቀን የሚጠብቁ ሰዎች መጡ። አንድ የረመዳን ማታ ከተራዊሕ በኋላ የማያውቃት እናት ቤቱን አንኳኩታ «መጽሐፍም አለህ አሉ፤ ለልጄ እፈልጋለሁ» አለችው። ካርቶኑን ጎትተው ያወጡት እናቱ ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ለመጥረግ አልነበረም። አምባሩ እስከ ዛሬ አልተተካም፤ ካርቶኖቹም ሁሉ አላለቁም። ነገር ግን እናቱ አሁን ሐሙስ ሲደርስ «የዚህ ሳምንቱን ጨርሰሃል?» ብለው ይጠይቁታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ብዕራችንን ለመልካም ነገር ያውልልን፤ በጀመርነው ላይ ጽናቱን ይስጠን። በሚቀጥለው ሳምንት በተለመደው ሰዓት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።